የጌሚንግ ላፕቶፕ ሙቀትና የባትሪ ጤና፦ ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ጌሚንግ ላፕቶፕ የያዙ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

ጌም ስጫወት ሙቀቱ ስንት ሲሆን ነው ጤነኛ የሚባለው?

ጌሚንግ ላፕቶፕ ከባድ ጌም ላይ መሞቁ በሽታ አይደለም። ፕሮሰሰሩ ከ75 እስከ 90 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ግራፊክስ ካርዱ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ቢደርስ የተሠራበት ነው። ብራውዘር ብቻ ተከፍቶ ደግሞ ከ40 እስከ 55 ዲግሪ መሃል ቢቆይ ጥሩ ነው። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ላይ፣ የኤኤምዲዎቹ እንደ ሞዴላቸው 95 ወይም 100 ላይ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። በኤንቪዲያ የላፕቶፕ ካርዶች ላይ ወሰኑ አብዛኛውን ጊዜ 87 ነው።

ከቁጥሩ በላይ ልብ ልትሉት የሚገባው ለውጡን ነው። አምና በዚያው ጌም 82 ይል የነበረ ዘንድሮ 96 ካለ አንድ ነገር ተዘግቷል ወይም ደርቋል ማለት ነው። ጌሙ ለ10 ደቂቃ በ90 ኤፍፒኤስ (በሰከንድ የሚወጡ ምስሎች ብዛት) ሲሄድ ቆይቶ በድንገት 45 ላይ ወድቆ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከተመለሰ፣ ምክንያቱ በአብዛኛው ኢንተርኔት ሳይሆን ሙቀት ነው። ላፕቶፑ ጌም መሃል በራሱ ድርግም ብሎ ከጠፋ ግን ተከፍቶ እስኪታይ ድረስ ከባድ ጌም አትክፈቱበት።

ሙቀቱን በምን ማየት እችላለሁ?

ታስክ ማናጀር የግራፊክስ ካርዱን ሙቀት ያሳያል፤ የፕሮሰሰሩን አያሳይም። ሁለቱንም ለማየት ኤችደብሊውኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑና ሲከፈት ‹ሴንሰርስ ኦንሊ› የሚለውን ምረጡ። የለመዳችሁትን ጌም 20 ደቂቃ ተጫውታችሁ ተመለሱና ‹ማክሲመም› ከሚለው ዓምድ ላይ የሁለቱን ቁጥር ጻፉ። ሰዓቱንና ላፕቶፑ የት ተቀምጦ እንደነበር አብራችሁ መዝግቡ፤ ከስድስት ወር በኋላ የምታወዳድሩት ከዚህ ጋር ነው። ኪቦርዱን በእጅ መዳሰስ መለኪያ አይሆንም፤ ላዩ የሚያቃጥል ሆኖ ውስጡ ደህና ሊሆን ይችላል።

ጅማ እኮ ቆላ አይደለችም፤ ታዲያ ላፕቶፔ ዩትዩብ ላይ ከሚታየው ለምን በለጠ ይሞቃል?

አንዱ ምክንያት ራሱ ከፍታው ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው በ16 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ሙቀቱን ከመዳቡ ቱቦ ተሸክሞ የሚያወጣው አየር ስለሆነ፣ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ይዞ የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ በዝቅተኛ ቦታ፣ በኤሲ በቀዘቀዘ ክፍል የተለካ ላፕቶፕ 80 ካለ፣ የእናንተ ጥቂት ዲግሪ ቢጨምር ላፕቶፑ ተበላሽቷል ብላችሁ አትደንግጡ።

ሁለተኛው ክፍላችሁ ነው። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ያለው ሙቀት፣ በተለይ ከጥር እስከ መጋቢት፣ ከውጭው ጥላ በግልጽ ይበልጣል። ክፍሉ በ5 ዲግሪ ሲሞቅ ፕሮሰሰሩም በ5 ዲግሪ አካባቢ ይጨምራል። ከባዱን ጌም ወደ ማታ ማዞር ምንም ሳያስወጣ ከብዙ ዕቃ የተሻለ ለውጥ ያመጣል። የቀን ሰው ከሆናችሁ ጠረጴዛውን ፀሐይ ከሚያርፍበት ግድግዳ አርቁት፤ ከላፕቶፑ ጀርባና ከግድግዳው መሃል ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ክፍተት ተዉ። ትኩሱ አየር የሚወጣው በጀርባና በጎን ነው፤ ግድግዳ ካገኘ ተመልሶ በሥር ይገባል።

ቻርጀር ሰክቼ ብጫወት ባትሪው ይጎዳል?

መሰካቱ አይጎዳውም፤ እንዲያውም ጌም ተሰክቶ ነው መጫወት ያለበት። ባትሪው ሲሞላ ቻርጅ ማድረጉ ይቆማል፣ ላፕቶፑ የሚሠራውም በቀጥታ ከቻርጀሩ በሚመጣው ኃይል ነው። ነቅሎ መጫወት ባትሪውን በከፍተኛ ፍጥነት ያራግፈዋል፣ ያሞቀዋል፤ 90 ዋት-ሰዓት የሆነ ትልቅ ባትሪ እንኳ በከባድ ጌም አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው የሚቆየው። ደግሞ በባትሪ ላይ ግራፊክስ ካርዱ ኃይሉ ስለሚገደብ ኤፍፒኤሱም ይወርዳል።

የሚጎዳው ሌላ ነው፦ መቶ በመቶ ሞልቶ፣ ትኩስ ሆኖ፣ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ። በሊቲየም አዮን ባትሪ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ይደርሳል። ቮልቱ ከፍ ባለና ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር በሴሉ ውስጥ የሚካሄደው ያልተፈለገ ኬሚካዊ ለውጥ ይፈጥናል፤ በዚህ የጠፋው አቅም አይመለስም። የጌሚንግ ላፕቶፕ ባትሪ የሚቀመጠው መዳፋችሁ ከሚያርፍበት ሥር፣ ከትኩሱ ሂትሲንክ (ሙቀቱን ከቺፑ የሚቀበለው ብረት) አጠገብ መሆኑን ስታስቡ፣ ሙሉ ሆኖ በየቀኑ አራት አምስት ሰዓት መጠበስ ምን እንደሚያደርገው ይገባችኋል። መፍትሔው ሰክቶ መጫወት፣ ነገር ግን ባትሪው እንዳይሞላ መገደብ ነው።

ገደቡ የት ነው የሚስተካከለው? 60 ይሻላል ወይስ 80?

አብዛኛው ጌሚንግ ላፕቶፕ ይህ ገደብ አብሮት ይመጣል። አሱስ ላይ ማይአሱስ ወይም አርመሪ ክሬት ውስጥ፣ ሌኖቮ ላይ ቫንቴጅ ውስጥ ‹ኮንሰርቬሽን ሞድ› በሚል ስም፣ ኤምኤስአይ ላይ ኤምኤስአይ ሴንተር ውስጥ፣ ኤሰር ላይ ከፋብሪካው በሚመጣው ፕሮግራም ውስጥ 80 በመቶ የሚል ምርጫ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ዴል ላይ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ መሠረታዊ ማስተካከያ) ውስጥም አለ፤ ኤችፒ ላይ በአንዳንድ ሞዴሎች ባዮስ ውስጥ ነው። ላፕቶፑ ፎርማት ሲደረግ እነዚህ ፕሮግራሞች አብረው ይጠፋሉ፤ ጠጋኙ ንጹሕ ዊንዶውስ ጭኖ ካስረከባችሁ መልሳችሁ ጫኑና ገደቡን አብሩ።

ላፕቶፑ ከጠረጴዛ የማይነሳ ከሆነ 60 ለባትሪው ዕድሜ የተሻለ ነው። መብራት በድንገት በሚሄድበት ከተማ ግን ለአብዛኛው ሰው 80 ነው ልኩ፦ ፕሮጀክት ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ሳላችሁ መብራት ቢሄድ የምትተርፉበት ኃይል ይኖራችኋል። አዲስ አበባ ለመሄድ 350 ኪሎሜትር ገደማ መንገድ ሲጠብቃችሁ በዋዜማው ገደቡን አንሡና 100 አድርጉ። ሞልቶ በዚያው ጠዋት መጠቀም ጉዳቱ ኢምንት ነው፤ ሞልቶ ወር መቀመጥ ነው ክፉው።

አዲስ ላፕቶፕ መጀመሪያ 8 ሰዓት ቻርጅ መደረግ አለበት? ሁልጊዜስ እስኪያልቅ መጠበቅ?

ሁለቱም አያስፈልግም። ይህ ምክር ከቆዩት የኒኬል ባትሪዎች ዘመን የቀረ ነው። ሊቲየም አዮን ከ20 እስከ 80 በመቶ መሃል ሲውል ነው የሚደላው፤ በየጊዜው ወደ ዜሮ ማውረድ ያስረጀዋል። በተለይ ዜሮ ላይ ጠፍቶ ለሁለት ሦስት ወር መሳቢያ ውስጥ ከከረመ ጨርሶ ቻርጅ ላይቀበል ይችላል። ለክረምት ወደ ቤተሰብ ስትሄዱ ላፕቶፑን የምትተዉት ከሆነ ከ50 እስከ 60 በመቶ ላይ አድርጋችሁ ሙሉ በሙሉ አጥፉት፤ ስሊፕ ላይ አትተዉት።

አልጋ ላይ መጫወት፣ ከሥር የሚደረግ ኩለር፣ ቬንትሌተር... የትኛው ይጠቅማል?

አልጋ ላይ አይሆንም። ብርድ ልብሱ፣ ጋቢው፣ ፍራሹ የሥሩን መተንፈሻ ይደፍናል፤ ከዚያ አልፎ ፋኑ የጨርቁን ብናኝ ወደ ውስጥ ይስባል። ዶርም ውስጥ ጠረጴዛ ካልተረፋችሁ ከላፕቶፑ የሰፋ ጣውላ ከሥሩ አድርጉ።

ኩለር ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት የሃይላንድ ክዳን ከኋላ እግሮቹ ሥር አስገቡና ለኩት። ጀርባው ከፍ ሲል በሥር የሚገባው አየር ስለሚጨምር ብዙ ላፕቶፖች ላይ ጥቂት ዲግሪ ይወርዳል። ርካሽ ኩለር የሚሰጠው ጥቅም በአብዛኛው ያው ከፍ ማድረጉ ነው፤ ፋኖቹ ከላፕቶፑ መተንፈሻ ትክክል ካልገጠሙ ድምፅ ብቻ ይጨምራሉ። ስትገዙ ላፕቶፑን ይዛችሁ ሂዱና ገልብጣችሁ አስተያዩት። ክፍሉን የሚያናፍስ ቬንትሌተር መልካም ነው። ላፕቶፑን ለማቀዝቀዝ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ወይም እርጥብ ጨርቅ መጣል ግን ውስጡ ጤዛ እንዲይዝ ያደርጋል፤ ቦርዱ የሚቃጠለው ያን ጊዜ ነው።

ላፕቶፑን ሳልፈታ ሙቀቱን መቀነስ የምችልበት መንገድ አለ?

አለ፤ ብዙ ሰው የሚያልፈውም እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ኤፍፒኤሱን ገድቡ። ላፕቶፑ ያልተገደበ ቀላል ጌም ላይ 200 እና 250 ኤፍፒኤስ ለማውጣት ሙሉ ኃይሉን ያፈሳል፤ ስክሪናችሁ 144 ኸርዝ ከሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 144 ጊዜ ምስል የሚቀይር ከሆነ፣ ከዚያ በላይ ያለው አይታይም። ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓናል ውስጥ ‹ማኔጅ 3ዲ ሴቲንግስ› ገብታችሁ ‹ማክስ ፍሬም ሬት› የሚለውን ለታሪክ ጌሞች 60፣ ለውድድር ጌሞች ከስክሪናችሁ ኸርዝ ትንሽ ዝቅ አድርጉት። እግር ኳስ ጌም ላይ 60 በቂ ነው፤ ፋኑ ወዲያው ሲረጋጋ ትሰሙታላችሁ።

ቀጥሎ የፕሮሰሰሩን ቱርቦ፣ ማለትም ለጊዜው ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበትን አሠራር፣ ማጥፋት ነው። ኮንትሮል ፓናል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ ‹ቼንጅ ፕላን ሴቲንግስ›፣ ከዚያ ‹ቼንጅ አድቫንስድ ፓወር ሴቲንግስ› ግቡ። ‹ፕሮሰሰር ፓወር ማኔጅመንት› የሚለውን ዘርግታችሁ ‹ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት› ከ100 ወደ 99 አውርዱ። አንዲት ቁጥር ናት፣ ግን ቱርቦውን ታጠፋለች፤ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ሙቀቱን ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ታወርዳለች። ሸክሙ ግራፊክስ ካርዱ ላይ የሆነ ጌም ላይ የኤፍፒኤስ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ፕሮሰሰር የሚበሉ የስትራቴጂ ጌሞች ላይ ግን ይሰማችኋል። ካልተመቻችሁ ወደ 100 መመለስ ነው፣ የሚበላሽ ነገር የለም።

ሦስተኛው፣ ትዕግሥት ላለው፣ የግራፊክስ ካርዱን ቮልት ማውረድ ነው። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ኮንትሮልና የኤፍ ፊደልን አብራችሁ ስትጫኑ የቮልትና የፍጥነት መስመር ይከፈታል። ካርዱ አሁን የሚሄድበትን ፍጥነት ባነሰ ቮልት እንዲይዝ በ25 ሚሊቮልት እያወረዳችሁ፣ በየደረጃው ግማሽ ሰዓት ጌም ሞክሩ። ጌሙ ከተዘጋ ወይም ስክሪኑ ከተበላሸ አንድ ደረጃ መልሱ። ፕሮሰሰሩ ላይ ይህን ማድረግ ግን በብዙ ኢንቴል ላፕቶፖች ተዘግቷል፦ በ2019 ይፋ በወጣ የደኅንነት ክፍተት ምክንያት አምራቾች በባዮስ ማሻሻያ ዘግተውታል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ላፕቶፑ ይጎዳል? ስታብላይዘርስ ያስፈልገኛል?

የላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት እንዲቀበል የተሠራ ስለሆነ ቮልቱ ወደ 170 ወይም 180 ቢወርድ ችግር የለበትም። የሚያቃጥለው መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚፈጠረው ድንገተኛ ከፍታ ነው። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ከግድግዳው ንቀሉ፣ ጌሙን ዝጉ፣ ሲመለስ አምፖሉ ሳይርገበገብ 5 ደቂቃ መቆየቱን አይታችሁ ሰኩ። ይህ ከየትኛውም ርካሽ ስታብላይዘር ይሻላል።

ስታብላይዘር ከገዛችሁ ከሚፈለገው ቢያንስ እጥፍ አቅም ያለውን ምረጡ፤ 240 ዋት ለሆነ ቻርጀር 1,000 ቪኤ (የስታብላይዘር አቅም መለኪያ) የሚል ቢሆን ይመረጣል፤ ፍሪጅና ቴሌቪዥን አብራችሁ አትሰኩበት። ዲቫይደሩንም እዩት። ሶኬቱ የላላ፣ ሲነካ ጭረት የሚያሰማ፣ ፕላስቲኩ የጠየመ ከሆነ ጣሉት። በቻርጀሩ ጫፍ ላይ የሚታየው ጥቁር ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ የመጣ ነው።

ቻርጀር ሰክቼ እየተጫወትኩ የባትሪው ፐርሰንት ለምን ይወርዳል?

ቻርጀሩ አልቻለም ማለት ነው። ላፕቶፑ 230 ዋት ሲፈልግ 180 ዋት የሚሰጥ ቻርጀር ከተሰካበት ጎዶሎውን ከባትሪው ይሞላል። በጨዋታ ላይ ከ80 ወደ 60 ይወርዳል፣ ሲቆም መልሶ ይሞላል፤ ባትሪው ሳያርፍ ያረጃል።

ቻርጀሩ ላይ ‹አውትፑት› ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቮልትና አምፔር አባዙ። 19.5 ቮልት በ9.23 አምፔር 180 ዋት ነው፤ 20 ቮልት በ11.5 አምፔር 230 ዋት። ከላፕቶፑ ጋር ከመጣው ካነሰ የተቀየረ ወይም ኮፒ ቻርጀር ነው። ኮፒዎቹ ላይ የተጻፈው ቁጥር እውነት ላይሆንም ይችላል፤ ከዋናው በግልጽ የቀለለ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እጅ የማያስነካ ከሆነ አትመኑት። በታይፕ-ሲ በ65 ወይም 100 ዋት ቻርጅ ማድረግ ለጽሑፍ ሥራ ጥሩ ነው፣ ለጌም አይበቃም። ቁጥሩ ትክክል ሆኖም ጥቂት ፐርሰንት የሚወርድባቸው ሞዴሎች አሉ፤ የፋኑን ሞድ ከ‹ቱርቦ› ወደ መካከለኛው ብታወርዱ ይቆማል።

አቧራውን በምንና በየስንት ጊዜ ላጽዳ? ጎሚስታ ጋ ማስነፋትስ?

ኮብልስቶንና ጥርጊያ መንገድ ዳር ለሚኖር ሰው በበጋ በየ4 ወሩ፣ ለሌላው በየ6 ወሩ። አቧራ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ቡና በሚቆላበት፣ እጣን በሚጤስበት ክፍል ውስጥ ግን ከጭሱ የሚወጣው ቅባት ከአየሩ ጋር ይገባና ቀጫጭኖቹ የብረት ቅጠሎች ላይ ይለጠፋል፤ አቧራው ከዚያ ላይ ይጣበቃል። ፋኑን አንሥታችሁ ብታዩ በፋኑና በቅጠሎቹ መሃል እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ የተጠቀጠቀ ግራጫ ሽፋን ታገኛላችሁ፤ በፒንሴት ጫፍ ይዛችሁ ስትስቡት አንድ ላይ ተያይዞ ይወጣል። ከውጭ በመተንፈሻው ብትነፉ ይህ አይነቃነቅም። ቡናው ሲቆላ ላፕቶፑን ዘግቶ ሌላ ክፍል ማስቀመጥ ለዚህ ነው።

አሠራሩ፦ አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ የሥሩን ብሎኖች በትክክለኛ ልክ ባለው ባለመስቀል ካቻቢቴ ፍቱ። ረጃጅሞቹንና አጫጭሮቹን እንደነበሩበት ቦታ ወረቀት ላይ ደርድሩ፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ኪቦርዱን ከሥር ይወጋል። ክዳኑን በአሮጌ የሞባይል ካርድ ጠርዝ ዙሪያውን አላቁት። ከሁሉ በፊት የባትሪውን ሶኬት ከቦርዱ ንቀሉ። ከዚያ ፋኑን በጣታችሁ ይዛችሁ በደረቅ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ጥረጉ፤ ፋኑ በነፃ ሲሽከረከር ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ቦርዱን ሊጎዳ ይችላል።

ጎሚስታ ጋ አትውሰዱት። የጎማ መንፊያው ግፊት ለዚህ ከባድ ነው፣ የፋኑን መዞሪያ ያላላዋል፤ ከታንኩ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃና ዘይትም አብሮ ይረጫል። የቤት መጥረጊያ ቫኪዩምም ስታቲክ ስለሚፈጥር ወደ ቦርዱ አታስጠጉት።

ፔስት መቼ ይቀየራል? ጥገና ቤት ስወስደው ምን ልጠይቅ?

ፋኑ ንጹሕ ሆኖ፣ ክፍሉ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ አሁንም ሙቀቱ ከድሮው 10 ዲግሪ ከበለጠ ወይም ጌም እንደተከፈተ በሰከንዶች ውስጥ 95 ከደረሰ ፔስቱ (በቺፑና በሂትሲንኩ መሃል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ) ደርቋል ወይም ከመሃል ተገፍቶ ወጥቷል። በጌሚንግ ላፕቶፕ ይህ በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ዓመት ውስጥ ይመጣል። ቺፑ ሲሞቅ ሲበርድ ስለሚለጠጥና ስለሚኮማተር ቀጭን ፔስት ቀስ በቀስ ወደ ጠርዝ ይሸሻል። ስለዚህ ወፈር ያለ ፔስት ይመረጣል፤ ከተገኘ ደግሞ እንደ ሃኒዌል ፒቲኤም7950 ያለው፣ ሲሞቅ የሚለሰልስ ስስ ንጣፍ ከሁሉም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።

ጠጋኙን እነዚህን ጠይቁት። የምትቀባው የትኛውን ነው? ስም የሌለው ነጭ ፔስት ከሆነ አይሆንም፤ ለቴሌቪዥንና ለአምፕሊፋየር ነው የሚሠራው። የጥርስ ሳሙና የሚሉም አሉ፤ በቀናት ውስጥ ይደርቃል። ፓዶቹን ምን ታደርጋለህ? በሜሞሪዎቹ ላይ ያሉት ፓዶች (ሙቀት ወደ ሂትሲንኩ የሚያሻግሩ ለስላሳ ንጣፎች) ውፍረታቸው ይለያያል፣ 0.5፣ 1፣ 1.5፣ 2 ሚሊሜትር ይሆናል። ሳይቀደዱ ከተነሡ ወደነበሩበት ይመለሱ፤ ከተቀደዱ በዚያው ውፍረት ይተኩ። ወፍራም ፓድ ከገባ ሂትሲንኩ ከቺፑ ላይ ከፍ ይልና አዲስ ፔስት ተቀብቶም ሙቀቱ ይብስበታል። ‹ፔስት አስቀይሬ ባሰበት› የሚለው ቅሬታ ብዙውን ጊዜ መነሻው ይኸው ነው።

አሮጌው ፔስት የሚጠረገው በአልኮል ነው። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ ያገለግላል፤ ውሃ ስላለበት ግን በሶፍት ጠርጎ 10 ደቂቃ ማድረቅ ያስፈልጋል። የሂትሲንኩ ብሎኖች ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ ሲፈታ ከትልቁ ወደ ትንሹ፣ ሲገጠም ከ1 ጀምሮ በትንሽ በትንሹ እያፈራረቁ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በ2020 እና ከዚያ ወዲህ የወጡ አንዳንድ የአሱስ ሮግ ሞዴሎች ከፋብሪካ ፈሳሽ ብረት ተቀብቶላቸው ነው የሚመጡት። ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ አንዲት ጠብታ ቦርዱ ላይ ብትወድቅ ላፕቶፑ አለቀ። ሞዴላችሁ ይህ እንዳለው ካወቃችሁ በሱ የሠራ እጅ ካላገኛችሁ አታስከፍቱት።

በክረምት እርጥበቱስ?

ከሰኔ እስከ መስከረም ላፕቶፑ በየቀኑ ትንሽ ቢሠራ ይመረጣል፤ የራሱ ሙቀት ያደርቀዋል። ዝናብ ላይ ቦርሳ ውስጥ ቆይቶ ከገባ ግማሽ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ከፍታችሁ አቆዩት፣ ከዚያ አብሩ። በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ወለል ላይ ወይም ከግድግዳ አስጠግታችሁ አታስቀምጡ።

ባትሪው ምን ያህል እንደደከመ እንዴት አውቃለሁ? ካሊብሬሽንስ ያድሰዋል?

ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቱና ‹ፓወርሲኤፍጂ› ብላችሁ፣ አንድ ክፍት ቦታ ትታችሁ፣ ስላሽ አድርጋችሁ ‹ባትሪሪፖርት› ብላችሁ አያይዛችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ። ዊንዶውስ ሪፖርቱን ያስቀመጠበትን ፎልደር ይነግራችኋል። ውስጡ ‹ዲዛይን ካፓሲቲ› እና ‹ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ› የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያው 90,000 ሚሊዋት-ሰዓት፣ ሁለተኛው 63,000 ከሆነ ባትሪው 70 በመቶ ላይ ነው። ሁልጊዜ ሰክታችሁ የምትሠሩ ከሆነ በ70 በመቶ ገና ብዙ ትገፋላችሁ። ከ50 በታች ሲወርድ ወይም 30 በመቶ እያለ ድርግም ብሎ ሲጠፋ መቀየሪያው ደርሷል።

ካሊብሬሽን ያለቀ ባትሪ አያድስም። የሚያስተካክለው ፐርሰንቱን የሚቆጥረውን ክፍል ነው። ለወራት በ80 ከተገደበ ቆጣሪው ሊሳሳት ስለሚችል በየ3 ወሩ አንድ ጊዜ 100 ሞልቶ፣ ወደ 10 አካባቢ ወርዶ፣ ሳይቋረጥ እንደገና መሙላት ይበቃል። መብራት አስተማማኝ የሆነበትን ሌሊት ምረጡ።

ታችፓዱ ተነሥቷል፣ ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ይወዛወዛል። ምንድን ነው?

ባትሪው አብጧል። መጀመሪያ የሚታየው ትንሽ ነገር ነው፦ ታችፓዱ እንደበፊቱ ‹ቀጭ› አይልም፣ ከዚያ በአንድ ጎኑ ከፍ ይላል፣ ከዚያ የሥሩ ክዳን ከጠርዙ ይለያያል። ሴሉ ውስጥ ጋዝ ተፈጥሯል፤ ወደኋላ አይመለስም፣ በሚስማር ቀዶ ማስተንፈስ ደግሞ እሳት መለኮስ ነው።

በዚያው ቅጽበት አጥፉ፣ ንቀሉ፣ ዳግመኛ ቻርጅ አታድርጉ። በጠጋኝ እጅ ይውጣ፤ በሙጫ ከተያዘ በካቻቢቴ አይፈልቀቅ፣ በስስ ፕላስቲክ በዝግታ ይላቀቅ። የወጣውን ባትሪ ደረቅ አሸዋ ባለበት ብረት ጣሳ ውስጥ አድርጋችሁ ከቤት ውጭ፣ ዝናብና ልጆች ከማይደርሱበት አኑሩ። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥም፣ ቆሻሻ በሚቃጠልበትም አይጣል። ማጨስ ከጀመረ ጭሱ መርዛማ ነው፤ ሰው አስወጡ፣ ከርቀት ብዙ ውሃ ማፍሰስ ያበርደዋል።

አዲሱ እስኪገኝ ብዙ ላፕቶፖች ያለ ባትሪ በቻርጀር ይሠራሉ። ፍጥነታቸው ሊቀንስ ይችላል፤ መብራት በሄደ ቅጽበትም ስለሚጠፋ ጽሑፋችሁን በየደቂቃው ሴቭ አድርጉ።

ባትሪ ልገዛ ነው፤ ኦሪጅናልና ኮፒውን በምን እለያለሁ?

በላፕቶፑ ስም አትግዙ። የድሮው ባትሪ ላይ የተጻፈውን የፓርት ቁጥር ፎቶ አንሡ፤ አንድ ስም ያለው ላፕቶፕ ሁለት ሦስት ዓይነት ባትሪ ሊኖረው ይችላል፣ ሶኬታቸውም አይገጥምም። ከዚያ ጽሑፉን አስሉት፦ ቮልቱን በአምፔር-ሰዓቱ ስታባዙ ዋት-ሰዓቱን መስጠት አለበት። 15.4 ቮልት በ5,845 ሚሊአምፔር-ሰዓት 90 ዋት-ሰዓት ነው። ሒሳቡ የማይገጥም ጽሑፍ ያለው ባትሪ ሌላውም አይታመንም።

ክብደት ደግሞ አይዋሽም። ሁለቱን ባትሪዎች በግራም በሚመዝን ሚዛን፣ ወርቅ ቤት ቢሆን እንኳ፣ አስመዝኑ። ያው ዋት-ሰዓት ተጽፎበት ከድሮው በሩብ የቀለለ ከሆነ ውስጡ የተጻፈው ያህል ሴል የለም። የተመረተበትንም ዓመት ፈልጉ፤ ሱቅ ውስጥ ሦስት ዓመት የቆየ ኦሪጅናል ሳይነካም አርጅቷል።

ከውጭ ሰው የሚያመጣላችሁ ከሆነ ትርፍ ባትሪ ሻንጣ ውስጥ ሆኖ በአውሮፕላን ሆድ አይጫንም፤ በእጅ ቦርሳ፣ ሶኬቱ ተሸፍኖ ነው የሚያዘው። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ድረስ ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል። ያበጠ ወይም የተጎዳ በምንም መንገድ አይሳፈርም።

ገጥማችሁ እንደጨረሳችሁ ሳይቋረጥ 100 ሙሉት፣ የባትሪ ሪፖርቱን አውጡ፣ ከዚያ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ቪዲዮ እያጫወታችሁ አንድ ሰዓት ፐርሰንቱን ተከታተሉ። በእኩል ርምጃ መውረድ አለበት፤ ከ70 ወደ 40 ከዘለለ በማግስቱ ወደ ሱቁ መልሱት። የመመለሻ ቀን ስንት እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።